«ኮረሪማ» የተጻፈበት ክዳን

በትንሽ ከተማ ውስጥ ስለ እናንተ ከሚገባው በላይ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ንስሐ የሚሰሙት አባ ኃጢአታችሁን ያውቃሉ፤ ልብስ ሰፊው ወገባችሁ ስንት ጣት እንደጨመረ ያውቃል። እነሱን መንገድ ላይ ስታገኙ ሰላም ትላላችሁ። ሰገራችሁን በማይክሮስኮፕ ያየውን ሰው ግን በምን ዓይናችሁ ታዩታላችሁ?

ባለቤቴ ጳውሎስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሆሳዕና ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። አብረን ወደ መናኸሪያ ስንወርድ፣ ከሩቅ ሲያዩት ያልጠራ ስልክ የሚያነሱ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። እሱ ስለ ማንም ትንፍሽ አይልም። ስለ ሥራው ግን ባይጠይቁትም ያወራል፤ ያውም ገበታ ላይ። ናሙናው በጨው ውሃ ሲበጠበጥ ነፍስ ያለው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ አዮዲን ጠብ ሲደረግበት የማይንቀሳቀሰውም ቀለም ይዞ ይለያል፤ የትሉ እንቁላል ጥቂት ከሆነ ደግሞ በማሽን ይሽከረከርና ከሥር የዘቀጠው ይታያል። «ቶሎ የለም አይባልም» ይላል፣ እንጀራ እየቆረሰ።

ከተማውን ሁሉ «ሥጋ አብስላችሁ ብሉ» እያለ ይመክር ነበር። እሁድ እሁድ ጥሬ ክትፎ ሲቀርብ ግን ሁለታችንም ምክር አንሰማም።

አንድ ጊዜ ሆዴ አላስቀምጥ አለኝ። ባሌ ያንን ነገሬን አጎንብሶ ሲያይ በሐሳቤ መጣብኝና፣ እህቴ ናፈቀችኝ ብዬ ዱራሜ ሄድኩ። የናሙናውን ዕቃ ከቤት ነው የያዝኩት፤ ክዳኑ የሚገጥም መሆን እንዳለበት ከባለሙያ ሚስት በላይ ማን ያውቃል? ጳውሎስ ያልተነኩ የናሙና ዕቃዎች እያመጣ ቅመም ያስቀምጥልኝ ነበር። አንዱን ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ አጥቤ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ክሊኒኩ ውስጥ በአያቴ ስም ተመዘገብኩ። በማግስቱ የኮሶ ትል ነው አሉኝ፤ መድኃኒቴን ዋጥኩና ተመለስኩ።

ውሸቱ ግን አልተዋጠልኝም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ዓመታት አለፉ፤ ባለፈው ክረምት ሳልነግረው ሞተ። ሰው ሁሉ «ምንም ሳትደባበቁ ነው የኖራችሁት» እያለ ሲያጽናናኝ እኔን እሾህ ይወጋኛል።

ለቅሶ ሊደርስ ከዱራሜ የመጣ ኤርጃቦ የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ ማርታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ጋሼም ስለሌሉ አይቆጡኝም።»

«ንገረኝ ልጄ።»

«ድሮ አንዲት ሴትዮ እኛ ጋ ናሙና ሰጡ። በጠብታው ምንም አላገኘሁም። ማሽከርከሪያ ስላልነበረን እንዳይበላሽ እዚያው ዕቃው ውስጥ ፎርማሊን ጨምሬ በሹፌር ለጋሼ ላክሁ። ‹የኮሶ እንቁላል አለ› ብለው ደወሉልኝ። ከዚያ ሳቁ። ‹ክዳኑን አይተኸዋል?› አሉኝ።»

«ክዳኑ ምን ሆነ?»

«በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ‹ኮረሪማ› ይላል።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያየው ሁሉ «በቃ፣ በቃሽ» አለኝ።

«ሌላስ ምን አለ?» አልኩት ስረጋጋ።

«‹ውጤቱን እዚያው ስጣት፤ እኔ አላየሁም።›»

ያን ጊዜ ሁሉም ትዝ አለኝ። ከዱራሜ ስመለስ ወረቀት ላይ የተውኩት ኮረሪማ አዲስ ዕቃ ውስጥ ገብቶ፣ ስሙም ተጽፎበት ጠበቀኝ። ጽዳት ስለሚወድ ነው ብዬ አለፍኩት። በቀጣዩ እሁድ ደግሞ «የእኔ በደንብ ይብሰል» አለ፤ እስኪሞት ድረስም ጥሬ ክትፎ አልቀመሰም። አረጀህ ብዬ ስንቴ አሾፍኩበት። ሁለት ጊዜ መሥራት ሲሰለቸኝ እኔም የበሰለውን ለመድኩ።

በቅርቡ ሆዴን ሲያመኝ እዚሁ እሱ ይሠራበት ወደነበረው ላቦራቶሪ ሄድኩ። በሙሉ ስሜ ተመዘገብኩ፤ ናሙናውንም በእነሱ ዕቃ ሰጠሁ። በእሱ ወንበር የተተካችው ልጅ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«ምንም የለም እትዬ።»

«ቶሎ የለም አይባልም። አሽከርክሪው።»

«አሽከርክሬው ነው የመጣሁት» አለች። «የማን ተማሪ መሰልኩዎት?»