ለኮሌጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ፈተና የሚባለው ነገር የተፈጠረው ልጆችን ለመለየት አይደለም፤ እናቶችን ለማሳበድ ነው። ልጅማ ተፈትኖ ይወጣል፣ ለጓደኞቹ «ቀላል ነበር» ይላል፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ያሉን ሰዎች፣ ያቺ አንዷ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ፣ ፎርም ፎር ስትደርስ ምን እንደሚኮን ግን ሳይነግሩን ሞቱ።

እኔም አንድ ነው ያለችኝ፤ መክሊት ትባላለች። እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከእኔ ይልቅ የናይሮቢ መንገድ ያውቀዋል። ስለዚህ የልጅቷን ትምህርት የምከታተለው እኔ ነበርኩ። «የምከታተለው» ስል ሪፖርት ካርዷን ለደንበኛ ሁሉ የማሳየው ማለቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ኤ እና ኤ ማይነስ! ጥብስ ያዘዘ ሰው ጥብሱ እስኪደርስ የመክሊትን የባዮሎጂ ውጤት ሳያደንቅ አይወጣም ነበር። አንዳንዱ ጥብሱ ሲዘገይበት ኬሚስትሪውንም ያደንቅ ነበር።

ከዚያ የአገር አቀፉ ፈተና ውጤት በስልክ መጣ። ሲ ፕላስ…

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሲ ፕላስ በሩን የሚያሳልፍ፣ ወንበር ግን የማያስገኝ ውጤት ነው። ጎረቤቱ «ፖሌ፣ ማማ መክሊት» እያለ ሊያጽናናኝ ይጎርፍ ጀመር። አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች! «ልጅቷ እኮ በሕይወት አለች» ብላት፣ «እሱማ ተመስገን ነው» ብላኝ ቁጭ አለች።

መክሊት የምትፈልገው የእንስሳት ሕክምና ብቻ ነው። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ቡቲዬ መንደር ባሉ ዘመዶቻችን በረት ውስጥ ነው የምትውለው፤ ሌላው ልጅ ሽቶ ሲሸት የእኔዋ ፍየል ፍየል ትሸታለች። ማርሳቢት ያለ አንድ ኮሌጅ የአራት ዓመቱንም የክፍል ውጤት እናያለን፣ ሁለቱ ውጤት ያልተስማማለትን ተማሪ ደግሞ ጠርተን እናነጋግራለን ብሏል አሉ። አመለከተች። መልሱ የውሃ ሽታ ሆነ። ይኼ ኮሌጅ ካልተቀበላት ዕጣዋ የእኔን ሳህን ማጠብ መሆኑን ነግራኛለች፤ የነገረችኝም ሳህን እያጠበች ነው።

መልሱ ሲጠፋ ምግብ ቤቴ የገማቾች ጉባኤ ሆነ። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ «ሲ ፕላስ? ተዪው» ብሎኝ፣ ሻዩን ጨልጦ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ጋሽ ተሰማ ግን እንደዚያ አይቸኩሉም። ጋሽ ተሰማ ከእኔ በፊት ሞያሌ የገቡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በዚህ ከተማ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላጋቡት ጎረምሳ የለም። የመክሊትን ዕድል መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ አሉት። ሁለተኛውን ሻይ ሲጠጡ ወደ ሲሶ አወረዱት። ሦስተኛውን ለማምጣት ፈራሁ።

የከብት ነጋዴው ሐጂ ጉዮ ከጎናቸው ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው ተቆጡ።

«ወረቀት ምንድነው?» አሉ። «እኔ በሬ ስገዛ ጥርሱን አያለሁ፣ አስኬደዋለሁ፣ ከማን በረት እንደመጣ እጠይቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ልጅቷን አላዩ፣ የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቁ። ማን ይንገራቸው?»

ጋሽ ተሰማ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ሽማግሌ ነዋ!»

አትሳቁ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጨንቆኝ ነበር። በዚያ ላይ እስቲ አስቡት፣ ልጅ ስጡን ለማለት ሽማግሌ ከተላከ፣ ልጅ ተቀበሉን ለማለት የማይላክበት ምክንያት ምንድነው? ለመክሊት አልነገርናትም፤ ቡቲዬ ከፍየሎቿ ጋር ነበረች። በማግስቱ ጋሽ ተሰማ ከረቫታቸውን አሥረው፣ ሐጂ ጉዮ ስኳርና ሻይ ቅጠል ቋጥረው፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ማርሳቢት ወረዱ። የልጅ እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድምና እኔ ቤቴ ቀርቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። የዚያን ቀን የበላችሁት ወጥ ሽንኩርት በዝቶበት ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ጋሽ ተሰማ እንዳወሩኝ ከሆነ፣ የቅበላ ኃላፊው ከ«ኬንያ» የመጣ ወጣት ነው። (እኛም ያለነው ኬንያ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን የሞያሌ ሰው ወደ ናይሮቢ ሲወርድ «ኬንያ ልሄድ ነው» ይላል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።) «ካሪቡ፣ ኬቲኒ» ብሎ ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ይቀመጣል እንዴ? ደግሞ ለመናቸው፤ አሁንም አልተቀመጡም። በመጨረሻ እሱም አፍሮ ተነሥቶ ቆመ። ጋሽ ተሰማ በአማርኛ እየተናገሩ ሐጂ ጉዮ ወደ ስዋሂሊ እየመለሱ፣ የመክሊትን ዘር ማንዘር አስረዱ። በእናቷ ወገን ሌባ እንደሌለ፣ በአባቷ ወገን አንድ ሰካራም እንደነበረ፣ እሱም እንደሞተ… ሁሉንም ሳይደብቁ ነገሩት።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አልኩ።

«ቱታዋጁሊሻ» አሉ ሐጂ ጉዮ። «ተመካክረን እናሳውቃችኋለን።»

«አለቀ!» አሉ ጋሽ ተሰማ።

በእርግጥም አለቀ። በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል የልጅ አባት የት አለ? ክብር ያለው ሰው «እንመካከርና ተመለሱ» ነው የሚለው። እምቢ ሊል የፈለገማ ወንበር አያቀርብም! እኔም እልልታዬን ለቀቅኩት። ፍየል ታረደ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣችው ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ መጣች። ባለቤቴም በዚያው ቀን ከመንገድ ገብቶ ግቢው በሰው ተሞልቶ ሲያገኘው፣ «ማን ሊያገባ ነው?» ብሎ ሐጂን ጠየቀ።

መክሊት ከቡቲዬ ስትደርስ ሴቶቹ ከበው ሳሟት። ነገሩን ከነገርናት በኋላ ቀስ ብላ፣ ሰውየው ያለውን ቃል በቃል እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። ግቢው ውስጥ አንድ በርሜል ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ የሚባለው እምቢ ለማለት ሲታፈር ነው።»

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይላሉ። እኔ ግን ደግሼ ከልጄ ጋር ተጣላሁ። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከፍየሉ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ፣ እንግዳው ከወጣ በኋላ የደስታዋን ድግስ ሳህን አንድ በአንድ አጠበች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እኔ ያዘንኩት ለኮሌጁ አልነበረም፤ በጀርባዋ በኩል መሄዴ ነው ያንገበገበኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልክ ተደወለ። ለቃለ መጠይቅ ትምጣ አሉ።

አብሬያት ሄድኩ፤ አፌን ላልከፍት ምዬ። ኃላፊው ገና ከበር ሲያየኝ በጥርጣሬ፣ «ከእነዚያ ሽማግሌዎች ጋር ነዎት?» አለኝ። «የምን ሽማግሌ?» አልኩት። መሐላው የፈረሰው ገና ሳንገባ ነው። እሷን አስገብቶ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጠኝ፤ ሙቀት ስለነበር ግን በሩ አልተዘጋም። ሙቀት ባይሆንም ጆሮዬ በበር የሚመለስ አይደለም።

የክፍል ውጤትሽ እዚህ፣ ፈተናሽ እዚያ፤ አንቺ የትኛዋ ነሽ ብሎ ጠየቃት። ሁለቱም እኔ ነኝ አለችው። ትምህርቱን አውቀዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት ሳይ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ግን አንገቴን ልቆርጥ ደረስኩ።

«ላም መውለድ አቅቷት ብትጠሪስ?» አላት። «ያን ጊዜ እጅሽ አይንቀጠቀጥም?»

 

«በረት ውስጥ ሰዓት የለም» አለች።

ከዚያም ግልገሉ በኋላ እግሮቹ የመጣባትን የቡቲዬዋን ፍየል እንዴት እንዳዋለደች ትተርክለት ጀመር። እጇን በምን እንደታጠበች፣ ምጡ እስኪመጣ እንዴት እንደጠበቀች፣ የግልገሉን አፍንጫ እንዴት እንደጠረገች… እኔ እናቷ ይህን ሁሉ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው ውጤቷን ነበር። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ግልገሉ ተረፈ ወይ ብሎ ጠየቃት። «አሁን እሱ ራሱ ይዋጋል» አለችው።

ሲወጣ ተቀብለናታል አለኝ። እልልታዬን ኮሪደሩ ላይ ስለቀው አስካሪው፣ ዘበኛው ማለቴ ነው፣ ሮጦ መጣ። ኃላፊው እየሳቀ፣ ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ሲሉ አድማ መስሎት ይኸንኑ አስካሪ ሊጠራ እንደነበር ነገረኝ። መክሊት እንድትጠራ የተወሰነውም እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያላገኙትን ልጄ ቁጭ ብላ አገኘችው።

ይህን ለጋሽ ተሰማ ነግሬያቸዋለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ሞያሌን አታውቋትም። እሳቸው ዛሬም «እኛ ነን ያስገባናት» ይላሉ፤ እኔም ሻይ እቀዳላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊው ደወለልኝ።

«ማማ መክሊት፣ እነዚያ ሽማግሌዎች አሁንም ይላካሉ?»

ለካ ሰውየው እዚሁ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ያለች የአበሻ ልጅ ወዷል፤ አባቷ ግን ከ«ኬንያ» ለመጣ ሰው በር አይከፍቱም። ያን ቀን ቅበላ በሽምግልና አይሆንም ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ዘመድ መቁጠር ይጀምሩ ነበር፣ እነሱን እምቢ የሚል ሰው አይገኝም አለኝ። ጋሽ ተሰማ ከረቫታቸውን አሠሩ፣ ሐጂ ጉዮ ስኳራቸውን ቋጠሩ፣ ሄዱ።

በማግስቱ ኃላፊው ደወለ። ድምፁ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስላል።

«ማማ፣ አልተሳካም። አባትየው ‹ተመካክረን እናሳውቃችኋለን› አሉ። እኔ ይህን በየቀኑ ለሰው የምለው ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። «በል፣ ፍየል ምረጥ።»