ጭስ ያልወጣበት ማለዳ

ለዘመድ ስጦታ ስንገዛ ምን እንደሚጠቅመው እናስባለን እንጂ ምን እንደሚያሳጣው ማን ያስባል? እናንተም አስባችሁ አታውቁም፤ አትዋሹኝ። እኔም ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ቁይ አጠገብ ብቻቸውን ለሚኖሩት አክስቴ፣ ለእማማ ጥሩዬ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስወስድ እንደ ጻድቅ ነበር የተሰማኝ። ምን ላድርግ? ዓይናቸው ከጭስ ብዛት ሁልጊዜ እንዳለቀሰ ነው፤ ሳላቸው ደጅ ድረስ ይሰማል፤ ማገዶ የሚለቅሙበት ቁጥቋጦም ከዓመት ዓመት እየሸሸ ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሷል።

ምድጃው ግሩም ነው። ማታ በአንድ እፍኝ ጭራሮ ሽሮው ተንተከተከ፤ ጭስ ግን ለወግ ያህል እንኳ አልታየም። አክስቴ ተገረሙ፣ መረቁኝ፣ እኔም ተኩራርቼ እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ጓሮ ካለው ማድ ቤት ቁጭ ብለን የባቄላ ንፍሮ ስንበላ ከወደ መንገዱ እሪታ ተሰማ። በእኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ ማን እንደሞተ ተጠይቆ አይወጣም፤ እየተለቀሰ ይደረሳል፣ ሟቹ ኋላ ይታወቃል። አክስቴም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ፣ ወይኔ" እያሉ ወጡ። ተከተልኳቸው።

አጥሩ በር ላይ ከአልቃሾቹ ጋር ፊት ለፊት ገጠምን። ከፊት የነበረችው ጎረቤታቸው ማሬ አክስቴን ስታይ እሪታዋን አቋርጣ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። ሰዉ ደርቆ ቀረ። ያልደነገጡት አክስቴ ብቻ ናቸው፤ ማሬን ደግፈው እያነሱ፣

"አይዞሽ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?" ይሏታል።

"እርስዎ" አለች ማሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሬ ጠዋት ጠዋት ከደጇ ቆማ የምታየው የአክስቴን ጣሪያ ነው፤ ጭስ ከወጣ አሮጊቷ በሰላም አድረዋል ማለት ነው። ማታ ጭስ አጣች፣ ቀደም ብለው ተኝተው ይሆናል አለች። ጠዋትም አጣች። መጥታ የፊት በር ላይ ብትጣራ መልስ የለም፤ እኛ ጓሮ ነን። በቃ፣ እሪ አለች።

ሰዉ ስቆ ተበተነ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ አክስቴ ማድ ቤት ተመልሰው የድሮውን ሦስት ጉልቻ ይጎልቱ ጀመር።

"ዓይንዎ ይጠፋል እኮ፣ አክስቴ።"

"ይጥፋ ልጄ። ሞቼ ሰው ሳያውቅ ከምሰነብት ዓይኔ ይጥፋ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ለካ ያ ክፉ ጭስ ጠባቂያቸው ኖሯል፤ እኔ አባረርኩባቸው።

ያስታረቀችን ተከትላን የገባችው ማሬ ናት። ጉልቻውን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ አጥሩ ጥግ አንከባለለችና "እኔ በየማለዳው እሳት ልጭር እመጣለሁ" አለች። ክብሪት እቤቷ ሞልቷል። ዛሬም ድረስ ትመጣለች፣ ፍሟን በገል ይዛ ትመለሳለች፤ የአክስቴም ሳል ቀንሷል።

እኔ ማርቆስ ተመልሼ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ላይ ሻይ ጥጄ ቁጭ እንዳልኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ከቤቴ ጭስ ወጥቶ አያውቅም። እስካሁን አንድም ሰው ሊያለቅስልኝ አልመጣም።