የእማማ ሃትሱኤን ማሳ ለሰይፍ ፍልሚያ በውኃ ስለ መሙላት

ሬይዋ በተባለው የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዘመን በአምስተኛው ዓመት፣ ሰባተኛው ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ የኩሬኖሳዋ መንደር የፊልም መታሰቢያ ኮሚቴ በመንደሩ አዳራሽ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

የተገኙ፦ ሊቀመንበር ቶኩጂ ኩዋሃራ፤ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ማሞሩ ኒሺዛቶ፤ እማማ ሃትሱኤ ሞሪሺጌ፤ አቶ ጌንፔይ ኦዳካ (ተኝተዋል፤ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድል ተቆጥረዋል)፤ ጸሐፊ ካንዞ ኢጋራሺ። አምስቱም የሩዝ ገበሬዎች ናቸው።

አጀንዳ 1፦ የሳሙራዩ ፊልም እዚህ የተነሣበትን 70ኛ ዓመት ስለ ማክበር

ሊቀመንበሩ፣ ገበሬዎች ሰብላቸውን ከሽፍታ ለማዳን ሳሙራይ የተባሉ ሰይፈኞችን የሚቀጥሩበትን ይህን ፊልም አሜሪካኖች በፈረሰኛ፣ ኋላም በጠፈር መንኮራኩር እንደ ደገሙት አስታውሰው፣ «ዓለም ሰይፍ የተማረው ከእኛ ጭቃ ነው» አሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ፍልሚያ በእማማ ሃትሱኤ ማሳ፣ በጭቃ ውስጥ እንዲደገም ጠየቁ። ጸሐፊው በልጅነቱ በፊልሙ ውስጥ ሬሳ ሆኖ ስለ ተኛ ቦታውን እንደሚያውቅ፣ ፊልሙ የተነሣበት ማሳም ይህ እንዳልሆነ አስረዳ። አቶ ማሞሩ፣ «ባለፈው ወር ፈረንሳዮች የፊልሙ ቤት መስሏቸው ለማዳበሪያ መጋዘኔ ሰግደው ሄደዋል። ማን ይነግራቸዋል?» አሉ።

እማማ ሃትሱኤ ማሳው ውኃው ተፋሶ የሚደርቅበት ሳምንት መሆኑን ገለጹ። «የሩዙ ሥር መሬት የሚቆነጥጠው አሁን ነው። ውኃ ከገባበት በመስከረሙ አውሎ ነፋስ ይጋደማል። የበረዶውን ወራት ምን ልብላ፣ ሰይፍ?»

«እማማ፣ ለጥበብ ሲባል ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጥበብህን በራስህ ማሳ ላይ አፍስሳት!»

ከረጅም ውይይት በኋላ ማሳው በውኃ እንዲሞላ በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። አቶ ጌንፔይ በእንቅልፍ ልብ ጆሯቸውን ሲያኩ የተነሣው እጅ ተቆጥሯል። ጸሐፊው እጁ ብዕር ይዞ ስለነበር አልመረጠም።

አጀንዳ 2፦ ተዋንያን ስለ መመደብ

አቶ ጌንፔይ ነቅተው ሳሙራይ ለመሆን ጠየቁ። ሊቀመንበሩና አቶ ማሞሩም እንዲሁ። ከተገኙት ገበሬዎች ገበሬ ለመሆን የፈቀደ አልተገኘም። ሽፍታ የሚሆን ሰው ስለ ጠፋ፣ አቶ ማሞሩ ከጎረቤት መንደር በውሰት እንዲመጣ ሐሳብ አቀረቡ።

እማማ ሃትሱኤ፣ «የአሮጊት ሰብል ለመውሰድ እጃችሁን አውጥታችሁ ስታበቁ፣ ሽፍታ ፍለጋ ጎረቤት ትሄዳላችሁ?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ይህ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጸሐፊው፣ «ተብሏል፤ ይጻፋል» አለ። የሊቀመንበሩም ጥያቄ ተጽፏል።

አቶ ማሞሩ ውኃው ዛሬውኑ እንዲለቀቅ አሳሰቡ። እማማ ሃትሱኤ የማሳቸውን ማፋሰሻ መዝጊያ ሳንቃ ነቅለው እንዳመጡ፣ ያለ እርሱም ውኃ ማሳው ላይ እንደማይቆም፣ ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ በላዩ ላይ እንደ ተቀመጡ ገለጹ። «ሳሙራይ የሆነ መጥቶ ያንሣኝ።»

ከሦስቱ ሳሙራዮች የተነሣ የለም።

በመሆኑም በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር ዘንድ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ በአሥር ሰዓት ከሃያ ጉባኤው ተበተነ። እማማ ሃትሱኤ የመጨረሻው ሰው ጫማውን አጥልቆ እስኪወጣ ከቦታቸው አልተነሡም።