በእትዬ ላቀች ቅጋ ውስጥ

ሰው ቤት ሲከራይ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ ይጠይቃል፤ ጠንቃቃ ከሆነም ስለ ጎረቤቱ። ወፍ ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፦ «እዚህ ብፈለፍል ልጆቼን ማን ይበላብኛል?» እናንተ ቤት ስትፈልጉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስላልገጠማችሁ ተመስገን በሉ።

ደባርቅ የምከራየው ግቢ የእትዬ ላቀች ነው፤ እህል ነግደው ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን ከድመታቸው ጋር ብቻ የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንዲት ግራጫ ወፍ ባሕር ዛፋቸው ጫፍ ላይ ጎጆ ሠራች። ከፍ ያለ፣ ነፋሻ፣ ዳገቱ ሁሉ የሚታይበት ቦታ። ችግሩ፣ ለቁራም ይታያል። አንድ ጠዋት የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ከዛፉ ሥር አገኘን። ወፊቱ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ዋለች፤ እትዬ ላቀችም ምሳ አልበላላቸው አለ።

ከዚያ ወፊቱ ወረደች። በሩ አጠገብ ካለው እሾሃም የቅጋ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በደረቴ ትክክል ሌላ ጎጆ ሠራች። «አበደች!» አልኩ፤ ድመቷ የምትተኛው እዚያው ሥር ነዋ። ድመቷ ግን አንዴ ሞክራ አፍንጫዋን እሾህ ወጋትና ተመለሰች። ቁራውም መግቢያ አጣ።

የቀሩት እትዬ ላቀች ነበሩ። የማኅበር ተራቸው ደርሷል፤ ቅጋው ደግሞ የገቢ የወጪውን ነጠላ ይቀድዳል። ሊቆርጡት ገጀራ ይዘው ቀረቡና እንቁላሎቹን አዩ።

«አሁን ደግሞ እኔ ቁራ ልሁንባት?» አሉ።

ቅጋው ባይቆረጥም፣ ያ ሁሉ እንግዳ በአጠገቧ ሲጎርፍ ወፊቱ ደንብራ እንቁላሎቹን ትታ መሄዷ ነው። ሌላ መግቢያ ቢገኝ በጎረቤታቸው በአያ አድማሱ ግቢ፣ አጥሩ ተከፍቶ ነው። ከአያ አድማሱ ጋር ደግሞ በአጥር ድንበር ተኳርፈው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በየፊናቸው ነው የሚሳለሙት። እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ ለሽምግልና ሳይሆን ለማየት።

«አያ አድማሱ፣ ወፍ ታቅፋብኝ በበሬ ሰው ማሳለፍ አልቻልኩም። ማኅበርተኛው በእርስዎ በኩል ይለፍልኝ?»

አያ አድማሱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ወፍ ነው ያሉኝ?»

«ወፍ።»

«እኔማ ለቀብሬ ካልሆነ አይመጡም ብዬ ነበር» አሉ። አጥሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

የማኅበሩ ዕለት የነፍስ አባታቸው ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ገቡ። ከኋላቸው ማኅበርተኛው፣ በመጨረሻም አያ አድማሱ። ጫጩቶቹ አድገው ከበረሩ በኋላ ቅጋው ተቆረጠ።

ዘንድሮ ወፊቱ ተመልሳለች። ጎጆዋን የሠራችው ግን በአያ አድማሱ ጓሮ፣ እሾሃም ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። እትዬ ላቀች እጅግ ከፍቷቸዋል፤ ቅጋውን ራሳቸው ማስቆረጣቸውን የሚያስታውሳቸውም የለም። ጠዋት ጠዋት ሊወቅሷት ይሄዳሉ። ወቀሳው አንዳንድ ቀን ምሳ ሰዓት ያልፋል፤ የአያ አድማሱ ሳቅ እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል።