ዶን አናክሌቶ ፋኖሳቸውን በኢንተርኔት ጨረታ የሸጡበት ዘመቻ

ባቡር ከሜሎ ከተማ ከቀረ ኢንተርኔትም ከገባ ወዲህ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሐሳባቸው ግን የማይታጠፍ፣ መዋዒው የባቡር ምልክት ሰጪ ዶን አናክሌቶ ቤንታንኩር፣ ጡረታ ሲወጡ የተሸለሙትን የናስ ፋኖስ በኢንተርኔት ለጨረታ አቀረቡ። ልጃቸው ኔሊዳ በሩቅ ሳልቶ ልታገባ ነበርና፣ ለመሳፈሪያና ለኮት የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። ያለ ኮት ሰርግ አልገባም ብለውም ምለው ነበር።

የጨረታውን መዝጊያ እሑድ ከሰዓት በኋላ አደረጉት፤ የአገሩ ሁለት ታላላቅ የእግር ኳስ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ሰዓት መሆኑን አላስተዋሉም። አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ገጹን የሚያይ ጠፋ፤ ዋጋውም ያገሬው ሰው እንደ ሻይ ከሚጠጣው ከአንድ ከረጢት የማቴ ቅጠል ዋጋ ፈቀቅ አላለም።

ወእምዝ ድምፅ ማጉያ የተሸከመችውን የማስታወቂያ መኪና አስነሡ። የተከተሏቸውም ባለ መኪናው፣ ፔርሙሱን በብብቱ የያዘው የቀድሞ ትኬት ቆራጭ፣ መኪናይቱንም የሚጠላው የዳቦ ቤቱ ውሻ ነበሩ። በጨዋታው እረፍት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የሜሎ ሰው፣ ኳሱ ይጠብቅሃል፣ ፋኖሴ ግን አይጠብቅህም። ግዛልኝ አልልህም፣ ኪስህን አውቀዋለሁ። ገጹን ከፍተህ እየው ብቻ። ሰው ያለበት ሱቅ ሰው ይጠራል።»

ሕዝቡም ታዘዘ። ነገር ግን በሜሎ ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ መውጣት ነውር ነውና፣ ሁሉም በገጹ የጥያቄ ቦታ ላይ ሰላምታውን ጻፈ። «ዶን አናክሌቶ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?» «ለኔሊዳ እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ፤ ለመግዛት አይደለም፣ ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው።» አንድ ሳንቲም የጨመረ አልነበረም። ሆኖም የጨረታው ድርጅት ብዙ ሰው ያየውን ገጽ ከፊት ያወጣ ነበርና፣ ፋኖሱ ከሁሉ በላይ ተሰቀለ፤ በዋና ከተማው በሞንቴቪዴዎም ቡድናቸው ሲሸነፍ ማየት አቅቷቸው ከቴሌቪዥኑ ፊታቸውን ያዞሩ ሁለት የፋኖስ ሰብሳቢዎች አዩት።

በዚያች ሰዓት የሟች ሚስታቸው እኅት፣ የጣቢያ አለቆች የሚፈሯቸው ዶኛ ኤውሎሂያ፣ በዚያው ገጽ ላይ በአደባባይ ይህን አወጁ፦

«አንተ አናክሌቶ፣ መስታወቱ መሰንጠቁን ለሰዎቹ ነግረሃል? ወይስ ሲደርሳቸው ይዩት ብለህ ነው?»

ዶን አናክሌቶ ኮቱም ሰርጉም ሲርቃቸው ታያቸው። ላባቸውን ጠርገው በአንዲት ጣት መለሱ፦

«ተሰንጥቋል። በጎርፉ ጊዜ የጣልኩት እኔው ነኝ። እግዜር ይስጥሽ፣ ኤውሎሂያ።»

ሰብሳቢዎቹም፣ ከስንጥቅ ይልቅ ውሸታም የሚፈሩ ነበሩና፣ በአገሩ ሰው ፊት መዋሸት የማይችል ሻጭ አገኘን ብለው እርስ በርስ ተፋለሙ። ዋጋው መሳፈሪያውን አለፈ፣ ኮቱንም አለፈ፣ እስኪዘጋም ድረስ አልቆመም።

የተረፈው ለሌላ ሰው መሳፈሪያ በቃ። ዶን አናክሌቶም ዶኛ ኤውሎሂያን ይዘው ሄዱ፤ በአውቶቡሱ መስኮት በኩልም አስቀመጧቸው። እስከ ሳልቶ ድረስ የወይዘሮዋ አፍ አልተዘጋም። ጨረታ ያሸነፉ ብዙዎች ናቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ «እውነትሽን ነው» እያሉ የዘለቁ ግን ታላቁ፣ ታጋሹ፣ ስማቸው በሜሎ የከበረው ዶን አናክሌቶ ብቻ ናቸው።