አጎቴ የጸደቀበት ዋንዛ

ሰው የማያውቀውን አገር ለሌላ ሰው ሊያስጎበኝ ይችላል? ይችላል። እኔ አስጎብኝቻለሁ፤ ያውም ለጣልያን ሻምበል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረራው ዘመን ጋፋት አጠገብ መንገድ ስንቆፍር ጥቂት ጣልያንኛ ለቃቅሜ ነበር። ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ፣ አካፋ፣ ቶሎ በል፣ የቀረው ስድብ ነው። በዚችው አስተርጓሚ ተባልሁ። አንድ ቀን ሻምበሉ ጠራኝና ጣና ላይ ያለችን አንዲት ትንሽ ደሴት ታውቃታለህ ወይ አለኝ። እኔ የጉና ሰው ነኝ፤ ከገብስና ከበግ በቀር ምን አውቃለሁ? ሐይቁን ያየሁት ከተራራው ላይ ሆኜ በሩቁ ነው። ግን አካፋ ከመጨበጥ መዞር አይሻልም? እንዴታ፣ እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቃት አልሁት። ታንኳው ላይ ዐይኔን ጨፍኜ መሻገሬን ግን ለማንም አልነገርሁም።

ስንደርስ የንግሥ ዕለት ነበር። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ይዞራል። ሻምበሉ ደግሞ ደብተርና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ይዟል። ቀለሙ ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለድልድይ እንጨት እንፈልጋለን፤ ቅዱስ የሆነውን ዛፍ አንነካም፣ ሌላውን ቀብተን እንቆርጣለን አለኝ። አንተ እየዞርህ የእያንዳንዱን ታሪክ ንገረኝ ብሎ አዘዘኝ።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጽድ ዘንድ ደረስን። ታሪኩስ አለኝ። እኔ ሞኙ፣ ዛፍ ነው አልሁት። ቀይ ተቀባ። ሁለተኛውም ዛፍ ነው። ተቀባ። የገዳሙ አለቃ አባ ኅሩይ ከኋላችን ይከተሉን ነበር። ቀለሙን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ግንዱን ብቻ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። በዚያን ጊዜ አፈርሁ። የሚቆረጡት በእኔ አፍ ነው ማለት አይደለም?

ከሦስተኛው ጀምሮ ዋሸሁ። በዚያች ጣልያንኛ ገድል ለመናገር ሞክሩ እስቲ! «ቅዱስ። ዱላ። ውሃ። ዛፍ» እለዋለሁ፤ እሱ አንድ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ዛሬም ይገርመኛል። የማውቃቸውን ቅዱሳን በሰባት ዛፍ ጨረስኋቸው። የሁሉ አውራ የሆነው ዋንዛ ሲቀር ስም ጠፋኝ። ቢጨንቀኝ «አባ ደምሌ» አልሁ። ደምሌ ማን መሰላችሁ? አጎቴ ነዋ! የአባቴን ሙክት ሰርቆ አገር ለቅቆ የጠፋው አጎቴ።

ሻምበሉ ግን ሞኝ አልነበረም። ቅድም ሰዎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሲሳለሙ አይቻለሁ፤ ይህ ዛፍ ቅዱስ ከሆነ ለምን አይሳለሙትም አለኝ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ወደ አባ ኅሩይ ዞር አልሁ።

«አባ፣ የአባ ደምሌ ዛፍ ነው ብዬዋለሁ። ካልተሳለማችሁት ይቆርጠዋል» አልሁ።

«አባ ደምሌ ማናቸው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ብሩሹን በእጄ አሳየኋቸው። አባ ኅሩይ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው። ብሩሹን አዩ፣ ዋንዛውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ሄደው ግንዱን ተሳለሙ። ሕዝቡም ጠላውን አስቀምጦ ተነሣና ተሰለፈ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሻምበሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ብሩሹንም ጠረገው።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ያ ውሸት እንቅልፍ ነሣኝ። ተሻግሬ ሄድሁና አባ ኅሩይ ዘንድ ተናዘዝሁ፤ አጎቴንም፣ ሙክቱንም አልደበቅሁም።

«አርባ ስገድ» አሉኝ።

«የት ልስገድ አባቴ?»

«ከዋንዛው ሥር ነዋ። ስለት የሚሰምረው እዚያ ነው።»

መንገዴ ላይ ሁለት ጉቶ አገኘሁ። እውነቱን የተናገርሁባቸው ሁለቱ ናቸው። አለቀስሁ።

ዋንዛው ግን ቆሟል፤ ሥሩ በጧፍ ተሞልቷል። ከፎገራ የመጣች አንዲት ሴት አጠገቤ ተንበርክካለች። አባ ደምሌ ሆይ፣ በጎቼን ከሌባ ጠብቅልኝ እያለች ትሳላለች! አደራ፣ በግ ለእሱ አትስጪ ልላት አፌን ከፈትሁ። ጉቶዎቹ ትዝ ሲሉኝ ዘጋሁት።

አርባውን ሰገድሁ። ከመነሣቴ በፊት ግን ግራ ቀኙን አየሁና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የአባቴን ሙክት ነገር እኔም አነሣሁበት።