ሙላት ዘሐይቅ በጣሪያ ላይ ዲሽ ስለ ማቀፉና የሽንኩርት ራሶች ወደ ባሕር ማዶ ስለ መጓዛቸው

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ሙላት ዘሐይቅ በቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ በተከለ በአራተኛው ዓመት፣ የዲሹ ብሎን ጥርሱ አልቆ «ነገ እቀይረዋለሁ» ማለት በጀመረ በሦስተኛው፣ በወርኃ ጥር፣ በጥምቀት ጭፈራ የሰለለው ጉሮሮ ገና ሳይጠራ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ነፋስ ከሐይቁ ላይ በሚነሣበት ሰዓት፣ ይህ የጆንያ ጌታ፣ የሚዛን ፈራጅ፣ የጤፍና የሽንብራ አበጋዝ፣ በዕድሜው ሙሉ ከእህል ክምር ከፍ ብሎ ቆሞ የማያውቅ ሰው፣ መሰላል ይዞ ወደ ጣሪያ ወጣ። ሲወጣም ቁልቁል አልተመለከተም፤ ይህም ከጀግንነት የተነሣ አልነበረም፤ ቢመለከት እንደሚወድቅ ያውቅ ነበርና ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር። ሙላት ሰርካለም የምትባል እኅት አለችው፤ እርሷም ኮሌጅ ጨርሳ በሐይቅ ከተማ አስተማሪ ትሆናለች ሲባል «ለድምፄ ሥራ አገኘሁለት» ብላ በማለዳ አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች፤ በዚያም ከባሕር ማዶ ተሥለው ለሚመጡ የካርቱን ሰዎች አማርኛ ትናገርላቸው ጀመር። እናታቸው ወይዘሮ ትሁን ግን፣ የአምባሰል እመቤት፣ በጎረቤት ሠርግ ላይ እንኳ ወጥ ሳይቀምሱ የማያመሰግኑ፣ ልጃቸው ጉልበታቸውን ስማ ሳትመረቅ መንገድ በመጀመሯ ክፉኛ ተቆጥተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ድምፅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? ሳትመረቅ የሄደች ልጅ ናት፤ ስትደውል ስልኳን ባነሣ ግሸን ማርያም ትፍረድብኝ!» ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰርካለም ስልክ በአምባሰል ጮኾ ጮኾ ዝም ይል ነበር።

ወእምዝ፣ ሰርካለም ለድምፅ ሥልጠና ወደ ናይሮቢ እንድትሄድ ተመረጠች፤ የጉዞዋም ቀን ደረሰ። ለወንድሟም እንዲህ ስትል ላከችበት፦ «ሙላቴ፣ አንድ ጊዜ ሳልመረቅ ወጥቼ ያገኘኝን አይተሃል። አሁንስ እማዬ ሳትመርቀኝ ከአገር አልወጣም። እስከ ሰኞ ካልሆነ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል፤ ይስጡት።» ሙላት ይህን በሰማ ጊዜ ሽንብራ መስፈሩን ትቶ ብዙ አሰበ፤ በዚያ ቅዳሜ የሽንኩርት ራሶች የተባለው የካርቱን ቤተሰብ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝበት ክፍል በቴሌቪዥን እንደሚታይ፣ የቤቱንም እመቤት የምትናገረው ሰርካለም እንደ ሆነች ያውቅ ነበርና፣ እናቱን «ስለ መንገደኛ ቤተሰብ የሚያሳይ አለ፣ ነይና ተመልከቺ» ብሎ ከአምባሰል አስመጣ። ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱንም ሁሉ አልተናገረም።

ከጣሪያው በታች የተሰለፈውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በመካከል፣ በሶፋው ላይ፣ ወይዘሮ ትሁን በነጠላቸው ተከናንበው፤ በቀኛቸው የነፍስ አባታቸው ቄስ ተክለ ማርያም፣ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ካርቱን ማየት ለካህን ይገባ እንደ ሆነ ገና ሳይወስኑ፤ በበሩ ላይ የሙላት ጎረቤት መስኡዳ፣ የምስሉን መምጣትና መጥፋት ለጣሪያው የምታበሥር አፈ ጉባኤ፤ ከእነርሱም ኋላ ወሬውን የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ፣ ወንበር ያገኘ በወንበር፣ ያላገኘ በጄሪካን ላይ።

ሙላት ዲሹን በነካ ጊዜ የመስኡዳ አዋጅ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ፦ «ያ ሙላት! ወደ ደሴ አዙረው! ኸረ በዛ፣ ደሴን አልፈህ ኮምቦልቻ ገባህ እኮ! ወደ ውጫሌ መልሰው! ትንሽ… ትንሽ… መጣ! ወላሂ መጣ! በቃ እንዳትተነፍስ!» እርሱም ሽቦ ሊያስር ዲሹን በለቀቀ ቁጥር ነፋሱ መልሶ አዞረበት፤ ከብዙ ውጊያም በኋላ ዲሹ ጸንቶ የሚቆመው በሁለት እጁ ሲያቅፈው ብቻ እንደ ሆነ ተረዳ። ስለዚህ ጉንጩን በብረቱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ሙሽራ አቅፎት ተቀመጠ፤ ያን ሁሉ የደከመለትንም ጨዋታ ከሁሉ ሰው መካከል ያላየ እርሱ ብቻ ሆነ፤ በቆርቆሮው ውስጥ ግን ሰማ።

የሽንኩርት ራሶች ቤተሰብም ጓዙን ጠቀለለ። አባትየው ለሞቃት አገር ሦስት ብርድ ልብስ ጫነ፤ አያትየው በሻንጣ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ተቆለፈበት፤ እናትየውም «ፓስፖርቱ የታለ? ፓስፖርቱን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠው ማነው?» ብላ ስትጮኽ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙላት ግን የእኅቱን ድምፅ በሰማ ጊዜ ጆሮውን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋ፤ ከሳቁ መካከል የእናቱን ሳቅ ፈለገ፣ አላገኘውም። ከዚያም ያች የካርቱን እናት ሳቀች፤ ያም ሳቅ በአፍንጫ ጀምሮ በደረት የሚጨርስ፣ የሟቹ የሙላትና የሰርካለም አባት ሳቅ ነበር። ወይዘሮ ትሁንም ይህን ሳቅ ሊስቱት አይችሉም። ሙላትም ዲሹን አጥብቆ አቅፎ፣ እናቴ አሁን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች፣ እኅቴም ከመንገዷ ትቀራለች፣ ጥፋቱም የእኔ ነው እያለ ይጠብቅ ጀመር።

ወይዘሮ ትሁንም ተነሡ። ነገር ግን ወደ በሩ አልሄዱም፤ በቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ከቤት የሚወጡትን የሽንኩርት ራሶች በጣታቸው እያመለከቱ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ቁሙ! የት ነው እንዲህ? ሸኚ የላችሁ፣ መራቂ የላችሁ፣ እንደ ሌባ በጓሮ! ባሕር የሚያህል ነገር ተሻግራችሁ ልትሄዱ ነው እኮ! አሁንም ያው ናት፣ አሁንም ሳትመረቅ ልትወጣ ነው!» የሰፈሩም ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ፤ ሸኚ የሌለው መንገደኛ ማየት ለሐይቅ ሰው ከባድ ነውና።

ወዲያውም እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። የምታርፉበት አገር ሰው ዐይነ ጥሩ ይሁን። አንቺ ደግሞ…» ብለው ድምፃቸው ቀጠነ፤ «አንቺ ደግሞ፣ ጉሮሮሽ አይዘጋ። ደክሞሽ ስትገቢ ውኃ የሚያቀብልሽ አትጪ። ሄደሽ አትቅሪ።» ሠራዊቱ ሁሉ «አሜን» አለ። ካህኑ «አሜን» አሉ። መስኡዳ «አሚን ያ ረቢ» አለች። የሽንኩርት ራሶች እመቤት ግን አሜን አላለችም፤ ከባሏ ጋር ስለ ብርድ ልብሱ ትጨቃጨቅ ነበርና።

በዚህ ጊዜ የወይዘሮ ትሁን ቁጣ ከፊተኛው ይልቅ ነደደ። «እናት ስትመርቅ አሜን አይባልም እንዴ? ተመራቂው አሜን ያላለበት ምርቃት ምኑ ምርቃት ነው፣ ሜዳ ላይ ቀረ እኮ! ስልክ አምጡ! ራሷ ትበለው!» አሉ። ከኋላ ያለውም ሕዝብ መሐላቸውን አስታውሶ አጉረመረመ፤ የግሸን ማርያም ስም ተጠርቶበታልና። ያን ጊዜ ቄስ ተክለ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በሐይቅና በአምባሰል እስከ ዛሬ የሚወራለትን ፍርድ ሰጡ፦ «ወይዘሮ ትሁን የማሉት ልጅቱ ስትደውል እንዳያነሡ ነው። እንዳይደውሉ አልማሉም። ይደወል።» መስኡዳም፣ ይህን ቀን ስትጠባበቅ የቆየች ይመስል፣ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች፤ ቁጥሩንም ደወለች፤ ድምፁንም ለሁሉ እንዲሰማ ከፍ አደረገች።

ከአዲስ አበባ አንድ ድምፅ «አቤት» አለ፤ ያ የካርቱኗ እናት ድምፅ ነበር፤ ነገር ግን ቀጭንና የፈራ። ወይዘሮ ትሁን ሰላምታ አልሰጡም፤ ስለ ጤናም አልጠየቁም። «እጅሽን ዘርጊ» ብለው አዘዙ፤ ምርቃቱንም ከመጀመሪያው፣ ከጨርቁ መንገድ ጀምረው፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ደገሙት። ሲጨርሱም በስልኩ ውስጥ ልቅሶ ያቋረጠው «አሜን፣ እማዬ፣ አሜን» መጣ።

ሙላትም በጣሪያው ላይ ሰማ። ምርቃት በእናት አፍ ሲወርድ ሁለት እጁን ሳይዘረጋ የሚቀበል ወሎዬ የለምና፣ ብረት አቅፎ አሜን ማለት አልሆነለትም፤ ዲሹን ለቀቀው። ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አሜን» አለ። ነፋሱም ዲሹን ወስዶ ፊቱን ወደ አርዲቦ ሐይቅ አዞረው። በታችም የሽንኩርት ራሶች አውሮፕላን በደመና መካከል ሳለ ምስሉ ጠፋ፤ በደኅና ያርፉ አያርፉ እስከ ዛሬ በሐይቅ ከተማ የሚያውቅ የለም፤ ምስሉ መጥፋቱንም ያየ አልነበረም፣ ሁሉም ወደ ስልኩ አዘንብሎ ነበርና። ወይዘሮ ትሁን ብቻ፣ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ዙሪያውን ተመልክተው የመጨረሻውን አዋጅ ዐወጁ፦ «ሙላት ግን የት ሄዶ ነው? መቼም ይሄ ልጅ ቁም ነገር ባለበት ቤት አይገኝ!»

ክብር ለሙላት ዘሐይቅ፣ ለቆርቆሮ ፈረሰኛ፣ ነፋስን በክንዱ ለገታ፣ ለማዶ አገር መንገደኞች ሰማይን ለያዘ፣ ባላየው ጨዋታ ለረታ፣ ባልተጠራበት ምርቃት አሜን ላለ! ስሙ በጎተራው ልክ ይስፋ፤ ከጣሪያ የሚያወርደውም ሰው አይጣ።